ባዶውን አይመለስም

በየከተማው፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዘመዱ ቤት አንድ «አትንካ!» ባይ አለ። እግዜር ተራራውን፣ ወንዙንና ጤፉን ፈጥሮ ሲያበቃ «ይሄን ሁሉ ማን ይጠብቀዋል?» ብሎ በየሰፈሩ አንድ አንድ ያደላቸው ይመስለኛል። እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። ቡፌ ውስጥ ለእንግዳ ብላ ያስቀመጠችው ብርጭቆ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድም እንግዳ ያላየላት አክስት አለቻችሁ። አዲስ እስክሪብቶ ለመስጠት የአሮጌውን ሬሳ አምጡ የሚል የንብረት ክፍል ሠራተኛ አለላችሁ። ሶፋው ከነላስቲኩ ያረጀ ጎረቤትም አይጠፋም።

እነዚህ ሁሉ ግን ተራ ወታደሮች ናቸው። ጄኔራሏን ቢቸና ታገኟቸዋላችሁ፤ የተከበሩ ወይዘሮ እስከዳር፣ የአንዲት ክፍል ሙዚየም ኃላፊ፣ መዝጋቢ፣ አስጎብኚ፣ ጠራጊና አይጥ አባራሪ።

እኔ የዚያው ግቢ የኮሙኒኬሽን ሠራተኛ ነኝ። ስሜ እዮብ ነው። የሞጣ ልጅ ነኝ፤ ቢቸና የመጣሁት በዝውውር ነው እንጂ ወድጄ አይደለም፣ ይህ ይመዝገብልኝ። የእኔን ቢሮና ሙዚየሙን የሚለያቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። አራት ዓመት ሙሉ በዚያ ግድግዳ በኩል ሁለት ቃል ስሰማ ኖሬያለሁ። አንዱ «አትንካ!» ነው። ሁለተኛው «ፈርም!» ነው። መጀመሪያ ሰሞን ግድግዳው ራሱ የሚናገር ይመስለኝ ነበር።

እትዬ እስከዳር ድሮ የታሪክ መምህርት ነበሩ። ሙዚየሙን ሲረከቡ ባሕር ዳር ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ተላኩና አንድ ሰርተፍኬትና አንድ ጥንድ ነጭ ጓንት ይዘው ተመለሱ። ሰርተፍኬቱን ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ጓንቱን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእጃቸው የሚያወልቁት ሲበሉና ዓርብ ዓርብ ሲያጥቡት ብቻ ነው። ገበያተኛው «ምነው፣ እጇን ምን ነካት?» ሲል ሰነበተ። ችፌ ነው ያለም ነበር። አንዲት ባልቴት አዝነው በጠርሙስ ጠበል ይዘውላቸው መጡ። እትዬ እስከዳር ጠበሉን በአክብሮት ጠጡና ጠርሙሱን ቁጥር ሰጥተው መዘገቡት።

ሙዚየም ጠባቂነት ተቀምጦ መዋል የሚመስለው ካለ አንድ ክረምት ይሞክረው። ቆርቆሮው ያፈሳል። ሌሊት ዝናብ ከዘነበ እትዬ እስከዳር ንጋት ላይ ጋቢ ደርበው መጥተው ላስቲክ ሲያለብሱ ይገኛሉ፤ ልጅ የሚያለብሱ ነው የሚመስለው። ምስጡ ከሥር፣ ብሉ ከላይ፣ አይጡ ከጎን ነው። ቆዳ የሆነው ሁሉ ይሻግታል፤ እንጨት የሆነው ሁሉ ይሰነጠቃል። እሳቸው እያንዳንዱን ዕቃ ያነሳሉ፣ ያገላብጣሉ፣ ያሸታሉ። «አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ?» ይሉታል አንዱን ሌማት። መልሱን ሰምተው ነው መሰል፣ ወስደው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል።

የሰው ነገር ደግሞ ከምስጡ የባሰ ነው። አንዱ ሰሃን በጨርቅ ጠቅልሎ ይመጣል።

«ይሄ የአያቴ አያት ሰሃን ነው። በነገሥታቱ ጊዜ የነበረ ነው።»

እትዬ እስከዳር ገልብጠው ሥሩን ያነባሉ።

«የአያትህ አያት ቻይና ነበሩ እንዴ?»

ሰውዬው ክው ይላል። እሳቸው ግን ባዶ እጁን አይሸኙትም። ሰሃኑን ተቀብለው ካርድ ላይ ይጽፋሉ፦ «ሰሃን። ባለቤቱ ጥንታዊ መሆኑን በሙሉ ልቡ የሚያምንበት።» ሰሃኑ አሁንም በር አጠገብ ተቀምጧል፤ ሰውዬውም እንግዳ በመጣለት ቁጥር እያመጣ ያስጎበኘዋል።

አንድ ቀን ደግሞ ከየጥኖራ የመጡ አሮጊት ሲዞሩ ቆዩና ከወንፊቱ ፊት ቀጥ አሉ።

«ምነው ልጄ፣ እኔ ዛሬ ጠዋት የነፋሁበት ዕቃ እዚህ ምን ይሠራል?»

«እማማ፣ ይህ ቅርስ ነው። አይንኩት።»

«ታዲያ እኔንስ መቼ ነው የምትሰቅሉኝ?»

የእትዬ እስከዳርን ሳቅ በግድግዳው በኩል የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። አራት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ነው የሰማሁት፤ ሁለተኛውን እደርስበታለሁ።

እንግዲህ እኚህ ሴት ናቸው፣ ተማሪ መጥቶ በትንፋሹ መስታወቱን ያጨፈገገባቸው እንደሆነ «በአፍንጫህም አትንካ!» የሚሉት። በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ አንድ የጥር ዓርብ በራቸው ላይ ሳልፍ ትልቁ ጋን ከቦታው የለም። ሰው አቅፎ የማይጨርሰው፣ ቁጥር አሥራ ሰባት የሚባለው ጋን! መሬቱ ላይ የቀረው ክብ ምልክቱ ነው።

«እትዬ እስከዳር! ተዘረፍን!»

«አትጩህ» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ ካርድ እየጻፉ። «ወለተ ገብርኤል የመጀመሪያ ልጇን ትድራለች።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ ጋኑ የእናቷ ነው። ሰው የእናቱ ጋን እያለ የሠርግ ጠላ በፕላስቲክ በርሜል ይጥመቅ? ሃይማኖት የለህም?»

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። ይህች አገር ሙሉ «አትንካ» የምትል ሴት፣ ቅርሱን ለሠርግ ታውሳለች! እሳቸው እቴ፣ ምንም አልመሰላቸው። ከጠረጴዛው ሥር አንድ ጠርዙ የተበላ መዝገብ አውጥተው አሳዩኝ። የዕቃው ቁጥር አለ፣ ሰጪው አለ፣ ተዋሹ አለ፣ ፊርማው አለ። በመጨረሻም «ያለበት ሁኔታ» የሚል ዓምድ አለ። በዚያ ዓምድ፣ በዚያ በጥቁር ሰሌዳ በሠለጠነ ጽሑፋቸው፣ እንዲህ ይላል፦ «ደኅና ነው። ሠርግ ሄዷል።» ከሥሩ፦ «ደኅና ነው። ተዝካር ላይ ነው።» ከዚያ ሥር፦ «ደኅና ነው። ማኅበር ሄዷል፤ እሑድ ይገባል።»

«ሥልጠናው ላይ ይሄንን ነው ያስተማሩዎት?»

«ሥልጠናው ላይ ያስተማሩኝ ዕቃ እንዴት እንደሚበላሽ ነው። ዕቃን የሚገድለው ሥራ መፍታት ነው። ጋን ጠላ ካልቀመሰ ይሰነጠቃል። ኮርቻ በቅሎ ካልሸተተው ይደርቃል። አንተም ተመልከት፣ ቢሮ ቁጭ ብለህ ምን እንደመሰልክ።»

እኔም ብሆን ጥቅም ነበረኝ፤ ለምን እዋሻለሁ! እናንተም እንደምታውቁት በእኛ አገር የተዋሱትን ዕቃ ባዶውን አይመልሱም። ወንፊት የተዋሰች ሴት ቢያንስ አንድ እፍኝ ቆሎ ጣል አድርጋ ትመልሳለች። ሙዚየም ይሁን ጎረቤት ለሕዝቡ ልዩነት የለውም። ስለዚህ ከየሠርጉ ማግስት ሌማቱ ከነድፎው፣ ማሰሮው ከነወጡ፣ ጋኑ ከነቅራሪው ይመጣል። በግድግዳው በኩል ሽታው ሲደርሰኝ መዝገብ እንደምፈልግ ሆኜ እገባለሁ። ሁለት ጥር ውስጥ አራት ኪሎ ጨምሬያለሁ።

ፈርሞ የወሰደ ደግሞ ቀኑ ካለፈ አበቃለት። እትዬ እስከዳር ጓንታቸውን እንዳደረጉ ቤቱ ይሄዳሉ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይጠብቁታል። ገበያ መሐል «ማንካው!» ብለው ይጮኹበታል። አንድ ሙዳይ ያቆየ ሰው ሙዳዩን እስኪመልስ ድረስ ሉማሜ ዘመድ ቤት ተደብቆ ከርሟል ይባላል።

ከዚህ ሁሉ ሕግ የሚያመልጥ አንድ ተዋሽ ብቻ ነበር፤ እኔ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ወይዘሮ ፋንታነሽ ከሞጣ በአውቶቡስ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ሁልጊዜ አንድ አገልግል ትይዝ ነበር። ቆዳው የጠቆረ፣ ማንገቻው ሦስት ጊዜ የተለወጠ አገልግል ነው። በመጨረሻ አመጣጧ ሙዚየሙን ልታይ ገባች፤ ከእትዬ እስከዳር ጋር አንድ ከሰዓት ሙሉ ተጨዋወቱ። ስትወጣ አገልግሏ በእጇ የለም።

«ሰጠኋት» አለችኝ። «የሞጣ ዕቃ ለቢቸና መስጠቴን ሰው ቢሰማ ይታዘበኛል፤ ግን ምን ላድርግ? አንተ እንደሆንክ ፌስታል ነው የምታንጠለጥል። ልጄ ሲርበው ታውሺዋለሽ ብዬ አስፈርሜያታለሁ።»

እትዬ እስከዳርን ያስፈረመ ሰው እናቴ ብቻ ናት።

በዓመቱ እናቴ አረፈች። ለአርባዋ ወደ ሞጣ ስሄድ አገልግሉን ፈርሜ ወሰድኩት፣ ዘመዶቼም ከድግሱ ሞልተው እንዲዞር አደረጉት። ይዤው ቢቸና ስመለስ ባዶ ነበር። እና አልመለስኩትም። ሁለት ዓመት! በዚያ አገልግል ውስጥ የእሷ እጅ ያልነካው ምግብ ከተዝካሩ በቀር ገብቶ አያውቅም፤ ምን አድርጌበት ልመልሰው? እኔ ላጤ ነኝ። እንቁላል ስጠብስ ጎረቤት ውሃ ይዞ ይደርሳል። ባዶውን ልመልሰው ደግሞ ነውር ነው። እንዲሁ ክፍሌ ውስጥ ምስማር ላይ ተሰቀለ። ለአንድ ሙዳይ አገር የሚያምሱት እትዬ እስከዳር ለእኔ ትንፍሽ አላሉም። የእኔ ስም ያለበትን ገጽ እኔም ገልጬ አላውቅም፤ መዝገቡን ባገላበጥኩ ቁጥር እዘለዋለሁ።

ታዲያ እንዲህ የታገሡኝን ሴት ምን አደረግኋቸው መሰላችሁ? አጋለጥኳቸው።

ክፋት አልነበረኝም፤ ሥራ መፍታት ነው። ዘንድሮ ጥር የአንድ ጎረቤት ሠርግ ላይ ጋኑን፣ ከነቁጥሩ፣ ጠላ ሲቀዳበት ፎቶ አነሳሁና «ቁጥር አሥራ ሰባት የዓመት ፈቃድ ወጥቷል» ብዬ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። አገር ሳቀ። እኔም ራሴን እንደ ትልቅ ጸሐፊ ቆጥሬ ሰነበትኩ። ከዚያ አንዱ «ቅርስ እየጠጡ ነው!» ብሎ ጻፈበት። ሌላው ተቀበለው። በሳምንቱ ሰኞ፣ ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሦስት ሰዎች ያሉት ኮሚቴ በመኪና መጣ። ከላይ ነው የመጣነው አሉ። ከላይ ማለት የት እንደሆነ አልጠየቅንም፤ ከላይ ከላይ ነው።

ሰብሳቢው አቶ ዘመነ ይባላሉ። ከረቫታቸው እስከ ጉሮሯቸው የተጠበቀ፣ ቅጻቸውን ደረታቸው ላይ የያዙ ሰው ናቸው።

«ወይዘሮ እስከዳር፣ መመሪያው ግልጽ ነው» አሉ። «በመዝገብ ያለዎት መቶ ሠላሳ አንድ ዕቃ ነው። በቦታው የሚገኘው ከመቶ በታች ከሆነ ሙዚየሙ ይዘጋል። ዕቃው ወደ መጋዘን ይገባል፤ ክፍሉ ለስብሰባ ይሆናል። እኛ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ሞጣ እንቀጥላለን።»

ጥር ነው። ትናንት እሑድ ሠርግ ነበር፤ ዛሬ ሰኞ የመልስ ቀን ነው። አቶ ዘመነ ቆጠሩ። ስልሳ ስምንት።

«ሌላውስ?»

«አለ» አሉ እትዬ እስከዳር፣ መዝገቡን ገልጠው።

አቶ ዘመነ አነበቡ። «ደኅና ነው። ሠርግ ሄዷል?» ቅጻቸውን አገላበጡ። «እኔ ጋ ያለው ‹አለ› እና ‹የለም› ነው። ‹ሠርግ ሄዷል› የሚል የለኝም።»

እትዬ እስከዳር ጓንታቸውን አወለቁ፤ ዓርብ ሳይሆን፣ ሳይበሉም። ይሄንን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ በአንድ ፎቶ፣ ለሳቅ ብዬ!

«መዝገቡን ይስጡኝ» አልኳቸው።

አስፈርመው ሰጡኝ።

የሽታሁንን ባጃጅ ጠርቼ በቀጥታ ወደ ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ቤት በረርን። ትናንት ሁለተኛ ልጃቸውን ድረው ድንኳኑ ገና አልፈረሰም። አሥራ ሁለት ዋንጫ፣ ስድስት ሌማትና ጋኑ እሳቸው ጋ ነው።

«እትዬ ወለተ፣ ዕቃውን ቶሎ ይስጡኝ። ሙዚየሙ ሊዘጋ ነው!»

«ወይ በሞትኩት! ውሰድ፣ ውሰድ ልጄ… ቆይ፣ ልሙላልህ።»

«መሙላት አያስፈልግም! ባዶውን!»

ሴትዮዋ ወገባቸውን ያዙ። «ባዶውን? የእስከዳርን ዕቃ ባዶውን? ምን ብትንቀኝ ነው? ልጄን በድሬ ማግስት አገር እንዲያማኝ ነው?»

«በእመቤቴ ይዤዎታለሁ!»

«በእመቤቴ አትያዘኝ፤ ይልቅ ሌማቱን ያዝ።»

ሌማቱ ሁሉ በድፎ እስኪሞላ ሰዓቴን እያየሁ ላብ አሰመጠኝ። ጋኑን እስከ ግማሹ ሞሉት፤ ከዚያ በላይ ባጃጁ አይችልም ብሎ ሽታሁን ማለላቸው። ከኋላ በእግሬ መሐል አቅፌው ተቀመጥኩ። በየጉድጓዱ ጠላው ወደ ጭኔ ይፈሳል። ሽታሁን «ወንድሜ፣ ትራፊክ ቢያቆመን ምን ትላለህ?» ይለኛል። ቅርስ ነው እላለሁ አልኩት።

ቀጥሎ አቶ ገብረ ሚካኤል። እሳቸው ጋ የሙሽራ በቅሎ ኮርቻ፣ ግላስ፣ ልጓምና እርካብ አለ። ተመስገን፣ ኮርቻ አይሞላም ብዬ ተጽናናሁ። የት አባቴ!

«ኮርቻን ብቻውን በባጃጅ?» አሉ ሽማግሌው። «ሬሳ ነው እንዴ? በበቅሎ የመጣ በበቅሎ ይመለሳል።»

በቅሎዋን እስኪጭኑ ቆሜ ጠበቅሁ። ስምንት ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው ኮርቻው ላይ ወጡ። «ባዶ ኮርቻማ አይመለስም» አሉኝ። እኛ በባጃጅ ከፊት፣ እሳቸው በበቅሎ ከኋላ ሆነን ግቢ ገባን።

ግቢው ግን እንደተውኩት አልነበረም። ወሬ ከእኛ ቀድሞ ዞሯል። ማሰሮ ይዞ የመጣ አለ፣ እንቅብ ይዞ የመጣ አለ። ያ ሙዳይ አቆይቶ የተደበቀው ሰውም አሁን ሌላ ዕቃ ተውሶ ኖሮ ቅል ሙሉ ማር ይዞ መጥቷል። አንድም ባዶ ዕቃ የለም። አቶ ዘመነ መሐል ላይ ቆመው ቅጻቸውን እንደ ጋሻ ይዘዋል።

«ይሄ ምንድን ነው? ጉቦ ነው?»

«ጉቦማ ለእርስዎ ቢሆን ነበር» አሉ እትዬ እስከዳር። «ይሄ ለዕቃው ነው።»

«ዕቃ ይበላል?»

«አይበላም። እኛ እንበላለታለን።»

ቆጠራው ተጀመረ። እትዬ እስከዳር ጓንታቸውን መልሰው አድርገዋል። ጋኑ ላይ ሲደርሱ አቶ ዘመነ ውስጡን ተመለከቱ። ጠላ መሆኑን በዓይን ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም ተብሎ ኮሚቴው በዋንጫ አረጋገጠ። አንድ አባል ያልተረጋገጠለት ስለመሰለው ደገመ። ከረቫታው ትንሽ ላላ። ከዚያ ደጅ ወጥተው ኮርቻውን አዩ፤ አቶ ገብረ ሚካኤል አልወረዱም።

«በቅሎዋስ ትቆጠራለች?»

«በቅሎዋ የራሴ ናት፤ እኔም ቅርስ አይደለሁም» አሉ ሽማግሌው፣ ተቆጥተው።

ይሄኔ ነው እትዬ እስከዳር ለሁለተኛ ጊዜ የሳቁት።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። አቶ ዘመነ ደመሩ። እንደገና ደመሩ። የቀረው ሠላሳ ሁለት ዕቃ ነበር፤ አብዛኛው በግንደወይን አቅጣጫ ገጠር ለተዝካር ሄዷል፤ ዛሬ አይደርስም።

«ዘጠና ዘጠኝ» አሉ አቶ ዘመነ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል፤ ሰውዬው ክፉ አልነበሩም። «አዝናለሁ ወይዘሮ እስከዳር። እኔ የምጽፈው ያየሁትን ነው።»

ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። እትዬ እስከዳር መዝገቡን በቃላቸው ያውቁታል። መቶኛው ዕቃ ከዚያ ግቢ አምስት ደቂቃ በማይርቅ ክፍል ውስጥ ምስማር ላይ እንደተሰቀለ ያውቃሉ። ማን እንደሰቀለውም ያውቃሉ። አንድ ቃል፣ «እዮብ፣ አምጣ» ቢሉ ይበቃ ነበር። አላሉም። ወደ እኔም አላዩም። ጓንታቸው ላይ ያለች አንዲት የጠላ ጠብታ ይጠራርጉ ጀመር። ክፍላቸው ቢወሰድ ይሻላቸዋል፣ እኔን ከሚጠይቁኝ!

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ሽታሁን «ና በባጃጅ!» እያለ ከኋላዬ ሲጮህ እንኳ አልቆምኩም። ክፍሌን ከፈትኩ፣ አገልግሉን ከምስማሩ አወረድኩ። ሁለት ዓመት አቧራ። በእጅጌዬ ጠረግሁት፤ ቆዳው አሁንም ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ከዚያ ቆምኩ። ባዶ ነው። ክፍሌ ውስጥ ያለው አንድ ሽንኩርትና ግማሽ ኪሎ ጨው ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ እማዬ ብዬ ወጣሁ። ጥጉ ላይ ያለችው ሻይ ቤት አራት ቦምቦሊኖ ቀርቷት ነበር፣ የጠዋት፣ የጠነከረ። አራቱንም አገልግሉ ውስጥ ከትቼ በረርኩ።

ስደርስ አቶ ዘመነ የመኪናውን በር ይዘዋል።

«መቶ!» አልኩ፤ ሌላ ትንፋሽ አልነበረኝም።

እትዬ እስከዳር በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ክዳኑን ከፈቱ። አራቱን ቦምቦሊኖ አዩ፣ እኔን አዩ። ከሳቅና ከእንባ የትኛው እንደመጣባቸው ሳይታወቅ ክዳኑን ዘጉት።

«ሞልቷል» አሉ ለአቶ ዘመነ። «ይጻፉ።»

አቶ ዘመነ መቶ ብለው ጻፉ። በ«አስተያየት» ቦታም ትንሽ አሰቡና «ቅርሶቹ ሥራ ላይ ናቸው» ብለው ጨመሩበት። ክፍሉ ቀረልን። ኮሚቴው ወደ ሞጣ ሲሄድ ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ድፎ በመስኮት አቀበሏቸው፤ በምን ዕቃ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ሰው ሲበተን እትዬ እስከዳር አገልግሉን ቦታው ላይ አስቀመጡ፤ ቦታውን ማንም አልያዘበትም ነበር። ከዚያ መዝገቡን ገፋ አደረጉልኝ።

«ፈርም!»

የምዘለውን ገጽ ገለጥኩ። አገልግል፣ ቁጥር ሰማንያ ስድስት። ሰጪ ወይዘሮ ፋንታነሽ፣ ሞጣ። ተዋሽ እዮብ። እሳቸው በየሦስት ወሩ ቆጠራ ያደርጋሉ። በሁለት ዓመት ስምንት ጊዜ መሆኑ ነው። «ያለበት ሁኔታ» በሚለው ዓምድ ስምንት ጊዜ ጽፈዋል፤ ስምንቱም አንድ ዓይነት ነው፦

«ደኅና ነው። ልጇ ጋ ነው።»

ፊደሉ ሁሉ ተደበላለቀብኝ። አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል! እትዬ እስከዳር ወደ መስኮቱ ዞረው አንድ ቦምቦሊኖ በጥርሳቸው ይታገሉ ነበር። አፍንጫዬን ጠርጌ እስክሪብቶውን ላነሳ እጄን ስዘረጋ ከየት መጡ ሳልል ዘለው መዝገቡን ሳቡት።

«አትንካ! እጅህ ዘይት ነው!»

ደጅ ካለው በርሜል ታጥቤ፣ ሁለቱንም እጄን ለፍተሻ ዘርግቼ፣ ከዚያ ፈረምኩ።